አባትን ስለ ማወቅና በአባት ስለ መመካት

ሰው ከየት እንደ መጣ ለማወቅ መፈለጉ ከተፈጥሮው ነው። ሕፃን ገና አፉን እንደ ፈታ የአባቱን ስም ይጠየቃል፤ ከፍ ሲል የአያቱን፣ ጕልማሳ ሲሆንም የቅድመ አያቱን ስም እንዲያውቅ ይጠበቅበታል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን አባትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በአባት መመካት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አባቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው እውነትን ይፈልጋል፤ በአባቱ ለመመካት የሚፈልግ ሰው ግን ጌጥን ይፈልጋል። እውነት ፈላጊ ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል፤ ጌጥ ፈላጊ ግን ያማረውን መርጦ የቀረውን ይጥላል። ሁለቱ ሰዎች የሚገልጡት መዝገብ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ይዘውት የሚወጡት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ይህን ነገር አጥብቄ እንዳስብ ያደረገኝ የአንድ ስደተኛ ገበሬ ታሪክ ነው። ገበሬው ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ ከጀርመኖች አገር ተነሥቶ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነበረ። በአዮዋ ክፍለ ግዛት ስኖር ጐረቤቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከእርሱ የተወለዱ ናቸው፤ ከእርሳቸው ወደ ላይ ሲቈጠር አራተኛ አባታቸው ነው። ሽማግሌው እርሻቸውን ለልጆቻቸው ካስረከቡ በኋላ የቤተ ሰባቸውን ታሪክ ጽፈው ለማሳተም አሰቡ። እኔም በረዶ በሚበዛበት ወራት፣ ምሽቱ ሲረዝም፣ ከእርሳቸው ጋር መዝገብ ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ አሳለፍሁ።

በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው ታሪክ እጅግ ያማረ ነበረ። እንደ ተባለው ያ ገበሬ የአንድ ታላቅ መኰንን ልጅ ነው። በ1848 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በጀርመን አገሮች የነጻነት ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ከሕዝቡ ወገን ስለ ቆመ ከአባቱ ጋር ተጣላ፤ ግንቡንና ውርሱንም ትቶ ወጣ ይባል ነበር። የሽማግሌው ታላቅ እኅት በቤታቸው ግድግዳ ላይ የአንድ ግንብ ሥዕል ሰቅለው፣ ለሚጠይቃቸው እንግዳ ሁሉ «የአባቶቻችን ቤት ይህን ይመስል ነበር» ይሉ ነበር። ግንቡ የማን እንደ ሆነና በየት አገር እንደሚገኝ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

እንዲህ ያለው ተረት የሚወለደው ሁልጊዜ ከሐሰተኝነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከዝምታ ይወለዳል። አሜሪካ በ1917 ዓ.ም. በጀርመን ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ፣ የጀርመን ዘር ያላቸው ዜጎች በጥርጣሬ ዐይን ይታዩ ጀመር። በግንቦት ወር 1918 ዓ.ም. የአዮዋ አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያን እንኳ ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር ዐዋጅ አወጣ። የሽማግሌው አያት በዚያ ዓመት ፈርተው፣ ከባሕር ማዶ የመጡትን ደብዳቤዎችና በጀርመንኛ የተጻፈውን ወረቀት ሁሉ በምድጃ አቃጠሉት። ልጆቻቸውም ስለ አባቶቻቸው አገር መጠየቅን እንደ ነውር እያዩ አደጉ። ወረቀቱ ከተቃጠለ፣ አፍም ከተዘጋ በኋላ፣ ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ ምኞት ይሞላዋል።

ፍለጋው የተጀመረው ከቅርቡ ነው፤ ይህም ለማንኛውም ፈላጊ የሚበጅ ሥርዓት ነው። ብዙ ሰው ባሕር ተሻግሮ ትልቁን ስም ለማግኘት ይቸኵላል፤ አስተዋይ ሰው ግን ከራሱ ደጃፍ ይጀምራል። ሽማግሌው መጀመሪያ የመቃብሩን ድንጋይ አነበቡ፤ ቀጥሎ አዮዋ በ1856 ዓ.ም. ያደረገችውን ሕዝብ ቈጠራ ተመለከቱ፤ ከዚያም ገበሬው የአሜሪካ ዜጋ ለመሆን ያቀረበውን ማመልከቻ ከአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ አገኙ። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ ይገዛለት የነበረውን ንጉሥ ወይም መስፍን ለይቶ መካድ ነበረበት። ይህ ገበሬ የካደው የሜክለንቡርግ ሽቬሪንን ታላቅ መስፍን ነው። በእርግጥም በዚያ ጊዜ ጀርመን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም፤ በ1871 ዓ.ም. እስኪዋሐድ ድረስ አገሩ በብዙ ነገሥታትና መሳፍንት ተከፋፍሎ ይገዛ ነበር። ስለዚህ «ጀርመን» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም፤ መጀመሪያ የመስፍኑን ግዛት፣ ቀጥሎም የመንደሩን ስም ማወቅ አለበት።

የመንደሩን ስም የሰጠን የመርከብ መዝገብ ነው። ስደተኞቹ ከሚሳፈሩባቸው ወደቦች ሁለቱ ታላላቆች ብሬመንና ሃምቡርግ ነበሩ። በብሬመን ከተጻፉት መዝገቦች የቀደሙት ማስቀመጫ ጠበበ ተብሎ ተወገዱ፤ ከቀሩትም አብዛኞቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠፉ። የሃምቡርግ መዝገብ ግን ከ1850 እስከ 1934 ዓ.ም. ያለው ተጠብቆ ይገኛል፤ የተሳፋሪው ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራና የመጣበት ቦታ ተጽፎበታል። በ1854 ዓ.ም. ብቻ ከ200,000 በላይ የሚሆኑ ጀርመኖች ወደ አሜሪካ ገብተዋል። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚያግዝ ቢሆንም፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድን ሰው ለይቶ ማግኘት ከአንድ ቍና ጤፍ አንዲት ፍሬ እንደ መልቀም ያለ ሥራ ነው።

በመጨረሻው ተገኘ። በዚያው በ1854 ዓ.ም. በተጻፈ ዝርዝር ላይ የ28 ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው የቀን ሠራተኛ። ከእርሱ በታች የ25 ዓመት ሴት ተጽፋለች፤ ሥራዋ የቤት አገልጋይ፤ የቤተ ሰብ ስሟ ግን የእርሱ አይደለም። ከእርሷ በታች የ2 ዓመት ወንድ ልጅ አለ፤ የተጻፈውም በእናቱ ስም ነው። መኰንን የለም፤ ግንብ የለም፤ የተተወ ውርስም የለም። ልጁም የሽማግሌው ቅድመ አያት ነው።

የመንደሩ ስም ከታወቀ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የጥምቀት መዝገብ ሄድን። መዝገቡ የተጻፈበት አሮጌው የእጅ ጽሕፈት የዛሬዎቹን ጀርመኖች እንኳ የሚያስቸግር ስለ ሆነ፣ ያነበቡልን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የልጁ ጥምቀት በቀኑ ተጽፎ ነበር፤ በአጠገቡም «ያለ ጋብቻ የተወለደ» የሚል ቃል ሰፍሮበታል። ሜክለንቡርግ ሽቬሪን በ1819 ዓ.ም. ሕዝቧን አስቈጥራ ነበርና፣ በዚያም ቈጠራ የገበሬውን አባት አገኘነው፤ እርሱም በዚያው መንደር፣ በዚያው ባላባት መሬት ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነበረ።

ነገሩ በቤተ ሰቡ መካከል በተሰማ ጊዜ ታላቅ እኅታቸው እጅግ አዘኑ። «ወንድሜ፣ ይህን አንድ መስመር ብታልፈው ማን ይጐዳል? ሙታን ምን አድርገውህ ታዋርዳቸዋለህ? የልጅ ልጆቻችንስ ሲያነቡት ምን ይላሉ?» አሏቸው። እኒህን እመቤት በዚህ ንግግራቸው ልንንቃቸው አይገባም። የተናገሩት ከፍቅር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንዲሉ፣ የሟቾችን ስም መጠበቅ የሕያዋን ግዴታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጥያቄው ግን፣ ስም የሚጠበቀው በመሸፈን ነው ወይስ በመግለጥ? የሚል ነው።

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ነገር ለማወቅ ፈለጉ፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ልጅ እስኪወልዱ ድረስ ሲዋደዱ ለምን አልተጋቡም? መልሱ የተገኘው ከአገሩ ሕግ ነው። በሜክለንቡርግ እጅግ ሰፊው መሬት የመስፍኑና የባላባቶች ነበረ። የገበሬ ባርነት በ1820 ዓ.ም. በሕግ ቢሻርም፣ ነጻ ለወጣው ሰው መሬት አልተሰጠውም። በባላባቱ እርሻ በቀን ሥራ ያድራል፤ የሚጠለልበትም ጎጆ የባላባቱ ነው። ሊያገባ ቢፈልግ አስቀድሞ ባላባቱ ጎጆ ሊሰጠውና በመሬቱ ላይ እንዲሰፍር ሊፈቅድለት ይገባ ነበር፤ ይህን የሚያስረዳ ወረቀት ካላመጣ ካህኑ አያጋባውም። ባላባቱ ደግሞ ጎጆ መስጠት አይወድም፤ ሠራተኛው ቢታመም ወይም ቢያረጅ የመጦሩ ዕዳ በእርሱ ላይ ይወድቃልና። ስለዚህ ብዙ ወንዶችና ሴቶች ለመጋባት እየፈለጉ ዕድሜያቸው አለፈ፤ ልጆቻቸውም ያለ ጋብቻ ተወለዱ። የዚያው አገር ተወላጅ የሆነው ደራሲ ፍሪትስ ሮይተር በ1850ዎቹ ዓመታት «ጎጆ የለም» የሚል ትርጕም ያለው ርእስ በሰጠው የግጥም ድርሰቱ የገለጠው ይህንኑ ግፍ ነው።

እኛ በቋንቋችን ማግባትን «ጎጆ መውጣት» እንለዋለን። የሜክለንቡርግ ድኻ ይህ አነጋገር ቢነገረው ኖሮ ያለ አስተርጓሚ በተረዳው ነበር። ጎጆ ያልተሰጠው ጎጆ አይወጣም፤ ጎጆ ያልወጣው ደግሞ ልጁን በስሙ አያስጠራም። ጋብቻን የሚያግደው ደንብ የተሻረው በ1868 ዓ.ም. የሰሜን ጀርመን ኅብረት ባወጣው ሕግ ነው። የእኛ ገበሬ ያን ቀን ልጠብቅ ቢል ኖሮ ሌላ 14 ዓመት መቀመጥ ነበረበት፤ ልጁም የ16 ዓመት ጐረምሳ እስኪሆን በነውር ስም በተጠራ ነበር።

ከዚህ በኋላ በአዮዋ የአውራጃውን የጋብቻ መዝገብ ገለጥን። መርከቡ ከሃምቡርግ በተነሣ በአራተኛው ወር ሁለቱ ሰዎች ተጋብተዋል። የምድር ባቡሩ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የደረሰው በዚያው በ1854 ዓ.ም. ነበር፤ በወንዙ ላይ ድልድይ ገና አልተሠራምና ሰው በጀልባ ይሻገር ነበር። እነርሱም ያን ሁሉ የባሕርና የምድር ጕዞ ፈጽመው እንደ ደረሱ መሬት ሳይገዙ፣ ቤትም ሳይሠሩ፣ ገንዘብም ሳይቋጥሩ አስቀድመው ተጋቡ። በ1856 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ላይ ሕፃኑ በአባቱ ስም ተጽፎ ይገኛል። ባሕሩን የተሻገሩት ለዚህ ነበር።

ሽማግሌው ሐሳቤን በጠየቁኝ ጊዜ፣ «ያ መስመር ከተሠረዘ አራተኛ አባትዎ ስለ ምን ባሕር እንደ ተሻገሩ የሚያስረዳ ነገር አይቀርም። ነውሩ ጎጆ የከለከላቸው የባላባቱ ነው እንጂ የእርሳቸው አይደለም። የባላባቱን ነውር ለመሸፈን ብለው የአባትዎን ክብር ይቀብራሉን?» አልኋቸው። እኅታቸውም የጥምቀቱንና የጋብቻውን ጽሑፍ ጐን ለጐን አድርገው ብዙ ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ሁለቱንም ጻፋቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይነበብም» አሉ። ግድግዳው ላይ የነበረውንም ሥዕል አውርደው፣ «ይህስ ጎጆ የነፈጋቸው ሰው ቤት ኖሯል» ብለው ሳቁ።

ሁለተኛው ፈተና ግን ከዚህ የከበደ ሆነ። ሰው አባቱ የተበደለውን በደል ለመጻፍ አይቸገርም፤ አባቱ ከሌላው ሰው መበደል ያገኘውን ጥቅም ለመጻፍ ግን ብዕሩ ይከብደዋል። ገበሬው ለሌሎች ሰዎች አምስት ዓመት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ በ1859 ዓ.ም. 80 ኤከር መሬት ገዛ፤ ይህም በእኛ አገር ልክ አንድ ጋሻ የማይሞላ ነው። የመሬቱን ታሪክ የሚናገረው የውል ጥራዝ ወደ ኋላ ሲገለጥ፣ የመጀመሪያው ባለ ሀብት የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ነው ይላል። ከዚያ በፊት ምንም አልተጻፈም። ከዚያ በፊት ግን ሰው ነበረ። አገሩ ሶክና መስኳኪ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች የሚኖሩበት ሲሆን፣ በ1842 ዓ.ም. በተደረገ ውል መሬታቸውን እንዲለቁና እስከ 1845 ዓ.ም. ተነሥተው እንዲሄዱ ተደርገዋል። ከመስኳኪዎቹ አንዳንዶቹ አገራቸውን መርሳት ስላልቻሉ ተመልሰው መጡ፤ በ1857 ዓ.ም. በታማ አውራጃ በራሳቸው ገንዘብ 80 ኤከር መሬት ገዙ። በቀድሞው አገራቸው እንደ ባዕድ መሬት ገዢ ሆኑ ማለት ነው። ዘራቸው ዛሬም በዚያው አለ።

ይህን ባነበብን ጊዜ ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ገበሬው መሬቱን አልሰረቀም፤ ላቡን ሸጦ በገንዘቡ ገዛው። ይሁን እንጂ ባላባት ጎጆ የነሣው ድኻ ጎጆውን የተከለው፣ ጎጆው በተነቀለበት በሌላ ድኻ ስፍራ ላይ ነበር። ሁለቱም 80 ኤከር ገዙ፤ አንደኛው አዲስ አገር ለማግኘት፣ ሁለተኛው የገዛ አገሩን ለማግኘት። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ነገር ለብቻው አንድ ገጽ ተሰጠው። ወቀሳም፣ ይቅርታም አልተጨመረበትም፤ ዓመቱና ነገሩ ብቻ ተጻፈ። እውነት በቦታው ከተቀመጠ የሚናገረውን ራሱ ያውቃልና።

ዘር ቈጠራ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅም ያው የጀርመን አገር በቂ ምስክር ነው። የድኻው ሕፃን ጥምቀት የተጻፈባቸው እነዚያ የቤተ ክርስቲያን መዛግብት፣ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ለሌላ ሥራ ዋሉ። ሰው ሁሉ አያቶቹ አይሁድ አለመሆናቸውን እያስመሰከረ ወረቀት እንዲይዝ ተገደደ፤ ምስክሩም ከጥምቀት መዝገብ ይቀዳ ነበር። በ1935 ዓ.ም. የወጡት የኑረምበርግ ሕጎች ሰውን በአያቶቹ ለይተው ከዜግነት መብት አስወጡት፤ በመጨረሻውም በአያቶቹ ምክንያት የሚሊዮኖች ሕይወት ጠፋ። መዝገቡ ያው መዝገብ ነው፤ ቀለሙም ያው ቀለም ነው። የተለወጠው ጥያቄው ነው። «እነማን ወለዱኝ? ምንስ ደከሙልኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምስጋናን ይማራል፤ «ከማን እበልጣለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥላቻን ይማራል።

ይህ ነገር ለእኛም የራቀ አይደለም። ሽማግሌው አንድ ቀን «አንተስ ስንት ትቈጥራለህ?» ቢሉኝ፣ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት ሰባት ቤት ቈጠርሁላቸው፤ ያለ አንዳች ወረቀት በመቍጠሬም ተደነቁ። ነገር ግን ስሞቹን ከጨረስሁ በኋላ «ሁለተኛው ምን ሥራ ነበራቸው? አራተኛውስ ምን ዐይነት ሰው ነበሩ? ሚስቶቻቸውስ እነማን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። አባቶቻችን ዘር የሚቈጥሩት ጋብቻ እንዳይቀርብና ርስት እንዳይጠፋ ነበር፤ በጎጃምና በበጌምድር ርስት የሚያነሣ ሰው እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቍጠር ነበረበት። ከ1975 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወዲህ ያ ርስት የለም። እንግዲህ መሬት የማያስገኝ ዘር ቈጠራ ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። አሁን ገና ከጥቅም ነጻ ወጥቶ እውነተኛ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ይኸውም ድካማቸውን ያወረሱንን ሰዎች በእውነተኛ ሁኔታቸው ማወቅ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አያትና አባት በሕይወት ካሉህ ዛሬ ጠይቃቸው። ስማቸውን ብቻ አትጠይቅ፤ ምን እንደ ሠሩ፣ ምን እንደ ተራቡ፣ ከማን ደግነት እንዳገኙ፣ ማንን እንዳስቀየሙ ጠይቅ። የእናቶችንም ስም አትርሳ፤ የዘር ሐረግ ግማሹ የእነርሱ ነውና። የነገሩህን ሁሉ በቀኑ ጻፈው፤ የሚያስመካውንም የሚያሳፍረውንም እኩል አድርገህ ጻፈው። ዛሬ የሚያሳፍር የሚመስልህ መስመር፣ ነገ ሌላ ወረቀት በአጠገቡ ሲቀመጥ የቤትህ ትልቁ ክብር ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና። ሐሰተኛ አባት የሚሠራ ሰው ግን ሁለት ጊዜ ይጐዳል፤ የሌለውን አባት አያገኘውም፤ የነበረውንም ያጣዋል።